ከመጎተት በፊት መመዘን

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ብዙዎቻችሁ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ከከተማ ለመውጣት እንደምታስቡ አውቃለሁ። በዚህ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ አካባቢ በወገኖቻችን ደጃፍ ላይ አልፎ አልፎ አንዲት ነገር ቆማ አያለሁ፤ ትንሽ፣ ነጭ፣ እንቁላል የመሰለች ካምፐር። ውስጧ አልጋ አለ፣ ምድጃ አለ፣ ትንሽ ማቀዝቀዣ አለ። ከቤተሰብ መኪና ኋላ ተጎትታ የምትሄድ ቤት ናት። አገር ቤት ተሳቢ የምንለው የከባድ መኪናውን ጭራ ነበር፤ ይህችም የዚያ ዘመድ ናት፣ ጠባይዋም ያው ነው።

እየነዳችሁ የምታዳምጡ አትጻፉ። ቤት ያላችሁ ግን ወረቀትና እርሳስ ያዙ፤ ዛሬ ቁጥር አበዛለሁ።

በዚህ አገር ለትንሽ ካምፐር የተለየ መንጃ ፈቃድ አይጠየቅም። ትናንት ተሳቢ ነክቶ የማያውቅ ሰው ዛሬ አያይዞ ከከባድ መኪኖች ጋር ሀይዌይ ላይ ሊወጣ ይችላል። ማንም አይፈትነውም። ይህን ርዕስ የመረጥሁት በዚህ ምክንያት ነው። እኔም ሳልፈተን የወጣሁ ሰው ነበርሁ፤ የሆነውን ልንገራችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሌበር ዴይ እረፍት፣ እንቁጣጣሽን ቀደም አድርገን ተራራ ላይ እናክብር ብለን ከአንድ ወዳጃችን ባለ 16 ጫማ ካምፐር ተዋስን። መኪናችን ቶዮታ ሲየና ነው፤ ሂቹ፣ ተሳቢ የሚያያዝበት የኋላው ብረት፣ ከድሮው ባለቤት ከመኪናው ጋር አብሮ የመጣ ነበር። ካምፐሯ ኋላዋ ላይ ሰፊ ቦታ ስለነበራት ከባድ ዕቃውን ሁሉ እዚያ አደረግነው፦ ሃያ ሃያ ሊትር ውሃ የያዙ ሁለት ጀሪካኖች፣ ሥጋና በረዶ የሞላ ሣጥን፣ ጄኔሬተር፣ ከሰል፣ ረከቦትና የቡና ዕቃ። የካምፐሯን አፍ ሂቹ ላይ ባለው ኳስ ላይ አስቀምጠን መያዣውን ቆለፍን፣ መብራቱን ሰካን፣ ወጣን።

እስከ ፍሮንት ሮያል ድረስ ደህና ነበር። ኢንተርስቴት 81 ላይ ቁልቁል እየወረድን ሳለ አንድ ከባድ መኪና በግራ በኩል አለፈን። መጀመሪያ ነፋሱ ገፋን፤ አፍንጫው ሲያልፍ ደግሞ ወደ ራሱ ሳበን። ካምፐሯ ወደ ግራ ሄደች፣ ወደ ቀኝ ተመለሰች፣ እንደገና ወደ ግራ፣ በየምላሹ እየባሰባት። የሲየናው ቂጥ አብሯት ይሄዳል። ልጆቹ ጮኹ። እኔ ደግሞ የማይደረገውን አደረግሁ፤ ፍሬን ረገጥሁ። ያን ጊዜ ይበልጥ ተወናጨፈች። እግሬን ከፍሬኑ ላይ እንዴት እንዳነሳሁ አላስታውስም፤ ፍጥነቱ ቀንሶ በእግዚአብሔር ቸርነት ቀጥ አለች። ዳር ይዤ ቆምሁና ለባለቤቴ ወንድም ደወልሁ። የከባድ መኪና ሹፌር ነው።

“ጋሼ፣ ክብደቷን ታውቃለህ?” አለኝ።

“ኧረ ትንሽ ናት” አልሁት።

“ትንሽነቷን አልጠየቅሁህም። ክብደቷን ነው የጠየቅሁህ።”

አላውቅም ነበር። ያን ቀን ካለንበት መጥቶ፣ ቀስ እያልን ወደ ቅርቡ የከባድ መኪና ማረፊያ ወሰደን። እዚያ ካት ስኬል የሚባለው ሚዛን አለ፤ በሙያው ላይ ያላችሁ አድማጮቻችን በየሳምንቱ የምትቆሙበት ነው። ይህ ሚዛን ለከባድ መኪና ብቻ የተዘጋጀ ይመስለን ነበር እንጂ ማንም ሰው የቤት መኪናውንና ካምፐሩን ይዞ ጥቂት ዶላር ከፍሎ ሊመዘንበት ይችላል። መድረኩ ለየብቻ የሚመዝኑ ክፍሎች አሉት። የመኪናው የፊት ጎማ አንዱ ላይ፣ የኋላው ሁለተኛው ላይ፣ የካምፐሯ ጎማ ሦስተኛው ላይ ያርፋል።

ሁለት ጊዜ ተመዘንን። መጀመሪያ ከነካምፐሯ፤ የሲየናው አራት ጎማዎች የተሸከሙት 5,690 ፓውንድ፣ የካምፐሯ ጎማዎች የተሸከሙት 2,470 ፓውንድ። ከዚያ ካምፐሯን ዳር አቁመን ሲየናውን ብቻውን፣ ሰዎቹ እንደተቀመጡ፤ 5,560 ፓውንድ። ልድገመው፦ ከነካምፐሯ 5,690፣ ብቻውን 5,560። ልዩነቱ 130 ነው። ይህ 130 ፓውንድ ካምፐሯ በሂቹ በኩል መኪናው ላይ የጣለችው ክብደት ነው። 130ን ከ2,470 ጋር ደምሩት፤ የካምፐሯ ጠቅላላ ክብደት 2,600 ሆነ። 130 ደግሞ የ2,600 ከመቶ አምስት እጅ ብቻ ነው።

አማቼ ወረቀቱን አየና ራሱን ነቀነቀ። ለእንዲህ ዓይነቷ ተሳቢ ሂቹ ላይ ማረፍ ያለበት ከጠቅላላ ክብደቷ ከመቶ ከ10 እስከ 15 እጅ ነው። ለእኛ ከ260 እስከ 390 ፓውንድ ማለት ነው። እኛ የዚያን ግማሽ ይዘን ነበር የወጣነው።

ምክንያቱን ለመረዳት የፈረስ ጋሪ አስቡ፤ የባሕር ዳሩን፣ የደብረ ዘይቱን። ጋሪ ሁለት ጎማ ብቻ ነው ያለው። ተሳፋሪው ሁሉ ወደ ኋላ ከተከመረ እንጨቱ ወደ ላይ ይነሣል፣ ፈረሱ ይንጠለጠላል። ሁሉም ወደፊት ከተጫነ የፈረሱ ጀርባ ይጎብጣል። ለዚህ ነው ባለጋሪው “አንተ ወደዚህ ጠጋ በል፣ እሜቴ እዚህ ይሁኑ” እያለ ሰው የሚያደላድለው። ካምፐርም በአንድ ዘንግ ላይ የቆመች ጋሪ ናት፤ ፈረሱ መኪናችን ነው። ልዩነቱ ጋሪ በ60 ማይል አለመሄዱ ነው። በፍጥነት ላይ ክብደቱ ከዘንጉ ወደ ኋላ ያደላ ተሳቢ፣ አንዴ ከተነካ እንደ ፔንዱለም ይወዛወዛል፤ ወደፊት ያደላው ግን ራሱን ወደ መስመር ይመልሳል። ትንሽ መጫወቻ መኪናና ተሳቢ ሠርታችሁ ክብደቱን ከፊት ወደ ኋላ ብታዘዋውሩ ልጆቻችሁ በዐይናቸው ያዩታል።

እዚያው ቦታ ላይ ውሃውን፣ ሣጥኑን፣ ጄኔሬተሩንና ከሰሉን ከኋላ አውጥተን ከዘንጉ ወደፊት አደረግናቸው። ሌላ አንድም ነገር አልቀየርንም። እንደገና ስንመዘን ሂቹ ላይ ያረፈው 310 ሆነ፤ ከመቶ 12 እጅ ገደማ። ያው መኪና፣ ያችው ካምፐር፣ ያው ሹፌር፣ ቀሪውን መንገድ ሌላ ነገር የምንጎትት ይመስል ነበር።

በዚያን ቀን የገባኝን ነው ዛሬ ላካፍላችሁ የምፈልገው። ዕቃ መምረጥ ከሱቅ አይጀምርም፤ ከሚዛን ይጀምራል። ክብደታችሁን ካላወቃችሁ የትኛው ኳስ፣ የትኛው ሂች፣ የትኛው ፍሬን እንደሚያስፈልጋችሁ ሻጩም ሊነግራችሁ አይችልም።

አሁን ወደ መኪናው እንሂድ። አብዛኞቻችን የምንነዳው ቶዮታ ነው፤ ብዙዎቻችን ደግሞ በዚያው መኪና እንጀራችንን እናገኛለን። በፈረንጆቹ ከ2021 ወዲህ የወጣው ሲየና እስከ 3,500 ፓውንድ እንዲጎትት ተፈቅዶለታል። ሃይላንደር በቤንዚን ብቻ የሚሠራውና ቪ-6 ሞተር ያለው 5,000፣ ሃይብሪዱ 3,500። ራቭ ፎር ላይ ግን ተጠንቀቁ፤ መልኩ አንድ ሆኖ፣ እስከ 2025 ሞዴል ድረስ ብዙዎቹ የቤንዚን መኪኖች 1,500 ፓውንድ ብቻ ሲፈቀድላቸው ጥቂቶቹ 3,500 ይፈቀድላቸው ነበር። ሃይብሪዱ በእነዚያ ዓመታት 1,750 ነበር። የጎረቤታችሁ ራቭ ፎር ጎተተ ማለት የእናንተው ይጎትታል ማለት አይደለም። ከመኪናው ጋር የተሰጣችሁን መጽሐፍ ክፈቱ፤ የእናንተው ዓመትና የእናንተው ሞዴል ምን እንደሚል አንብቡ። ከአቅሙ በላይ የጎተተ መኪና መጀመሪያ የሚጎዳው ካምቢዮውን ነው፤ ዘይቱ ይግላል፣ ይቃጠላል። ለሽርሽር ብላችሁ የሥራ መኪናችሁን ካምቢዮ እንድታጡ አልፈልግም።

ብዙ ሰው ግን የመጎተት አቅሙን አይቶ እዚያው ያቆማል። ሌላ ቁጥር አለ፣ ለእኔ ከዚያኛው ይበልጣል። የሹፌሩን በር ክፈቱ። ምሰሶው ላይ ጎማና ጭነትን የሚመለከት ተለጣፊ ታያላችሁ፤ የሰዎችና የጭነት ድምር ከዚህ እንዳይበልጥ ብሎ አንድ ቁጥር ይሰጣል። ካምፐሯ በሂቹ የምትጥለው ክብደት ከዚህ ቁጥር ላይ ይቀነሳል፤ እንደ አንድ ወፍራም ተሳፋሪ ቁጠሩት።

አብረን እናስላ። ተለጣፊው 1,200 ፓውንድ ይላል እንበል። አባት 180፣ እናት 150፣ ሁለት ጎረምሶች 130 130፣ ሁለት ሕፃናት 60 እና 50። ድምሩ 700። መኪናው ውስጥ ያለ ሻንጣና ምግብ 150፤ 850 ሆነ። የቀረን 350። የካምፐሯ ጫና 312 ነው ብንል የሚቀረው 38 ነው። ሂቹ ራሱ ብረት ነው፣ እሱም ይመዝናል፤ አለቀ። እናታችን ከአገር ቤት መጥተው አብረው ይሂዱ ካልን ደግሞ አልፈናል። መኪናው 3,500 መጎተት ይችላል ተብሎ 2,600 ይዘን ከልክ በላይ ሆንን ማለት ነው። መፍትሔው አያትን ቤት ማስቀረት አይደለም፤ ከሻንጣው መቀነስ፣ ካልሆነም በሁለት መኪና መሄድ ነው።

ካምፐር ልትገዙ ስትሄዱ የሚነገራችሁ የባዶዋ ክብደት ነው። በሚኒሶታ የምትሠራው ባለ 13 ጫማዋ ስካምፕ ባዶዋን ከ1,200 እስከ 1,500 ፓውንድ ገደማ ትመዝናለች። ውሃ ግን በጋሎን ከ8 ፓውንድ በላይ ነው፤ 20 ጋሎን ስትሞሉ 167 ፓውንድ ጨመራችሁ። የተለመደው የጋዝ ሲሊንደር ሙሉውን 37 ገደማ፣ ባትሪው 50 ገደማ፣ ከዚያ ድስቱ፣ ብርድ ልብሱ፣ የሽሮው ዕቃ። ስለዚህ ስትመርጡ የባዶዋን ሳይሆን ጎኗ ላይ በተለጠፈው ሰሌዳ የተጻፈውን የመጨረሻ ክብደት ያዙ፤ ጂ-ቪ-ደብልዩ-አር ይሉታል። በዚያ አስሉ።

ክብደቱ ከታወቀ በኋላ ሂች እንመርጣለን። ሂች ማለት ከመኪናው ሻንሲ ጋር በብሎን የሚታሰር፣ ኋላው ላይ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ያለው ብረት ነው። አንደኛ ክፍል የሚባለው እስከ 2,000 ፓውንድ ይጎትታል፣ ከላይ 200 ይሸከማል። ሁለተኛው 3,500 እና 350። የእነዚህ ቀዳዳ ብዙውን ጊዜ 1 ከ1/4 ኢንች ነው። ሦስተኛ ክፍል ቀዳዳው 2 ኢንች ነው፤ ከዚህ የበለጠ ይችላል። ፓራውልት ላይ የሚታሰር ኳስ አትመኑ። ጠባቡን ቀዳዳ ወደ ሰፊው የሚቀይር ማገናኛም ይሸጣል፤ አቅም ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም።

እዚህ ላይ ብዙ ወንድሞቻችን ይሳሳታሉ። ሂቹ 5,000 ተጽፎበታልና መኪናዬ 5,000 ይጎትታል ይላሉ። አይጎትትም። መኪናው የራሱ ቁጥር አለው፣ ሂቹ የራሱ፣ ኳሱን የሚይዘው ክንድ የራሱ፣ ኳሱ የራሱ፣ የካምፐሯም መያዣ የራሱ። አምስቱንም ጻፉና ትንሹን ክበቡበት። የእናንተ ገደብ እሱ ነው።

ኳሱ ብዙውን ጊዜ በሦስት መጠን ይመጣል፦ 1 ከ7/8 ኢንች፣ 2 ኢንች፣ 2 ከ5/16 ኢንች። ለትንንሽ ካምፐሮች ብዙውን ጊዜ 2 ኢንች ነው፤ ግን አትገምቱ፤ መጠኑ ኳሱን በሚጎርሰው የካምፐሯ አፍ ላይ ተቀርጿል፣ በኳሱም አናት ላይ ተቀርጿል፤ ሁለቱ አንድ መሆን አለባቸው። በአንድ ስምንተኛ ኢንች ብቻ የምታንስ ኳስ አፉ ውስጥ ትገባለች፣ መያዣውም የተቆለፈ ይመስላል። የመጀመሪያው ጎድጓድ ላይ ስትዘሉ ግን አፉ ተነሥቶ ሊያመልጥ ይችላል። መሞከሪያው ቀላል ነው፤ ከቆለፋችሁ በኋላ በካምፐሯ የፊት ክሪክ ወደ ላይ አንሡት። የመኪናው ኋላ አብሮ ከተነሣ ይዟል። አፉ ብቻውን ከተነሣ አልያዘም። አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፤ እባካችሁ አትዝለሉት።

ካምፐሯ ስትያያዝ ከመሬት ጋር እኩል፣ ቢበዛ አፍንጫዋን ጥቂት ዝቅ ያደረገች መሆን አለባት። አፍንጫዋ ወደ ላይ ከሆነ ክብደቱ ወደ ኋላ ይሸሻል። ለዚህ ነው ኳሱን የሚይዘው ክንድ ወደ ላይ የተጠመዘዘም ወደ ታች የተጠመዘዘም የሚሸጠው። ካምፐሯን ደልዳላ መሬት ላይ አስተካክላችሁ አቁሙ፤ ከመሬት እስከ አፏ ለኩ፣ ከመሬት እስከ ሂቹ ቀዳዳ ለኩ፣ በልዩነቱ ግዙ።

ከአፉ ግራና ቀኝ ሁለት ሰንሰለቶች አሉ። ኳሱ ቢያመልጥ ካምፐሯን የሚይዙት እነሱ ናቸው። ከታች በመስቀልኛ እሰሯቸው፤ የግራውን ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ። የካምፐሯ አፍ ቢወድቅ መሬት ሳይነካ እንደ አንቀልባ ያቅፉታል። ለመታጠፍ የሚበቃ ልቅነት ይኑራቸው፣ መሬት ግን አይጎተቱ። ደረቅ አገር ላይ የሚጎተት ሰንሰለት እሳት ይጭራል።

ካምፐሯ የራሷ ፍሬን ካላት ከሰንሰለቱ ጎን ቀጭን ገመድ የሚመስል ሽቦ ታገኛላችሁ። ይህ የመጨረሻው ተስፋ ነው። ካምፐሯ ሙሉ በሙሉ ተቆርጣ ብትሄድ ሽቦው ስፒናውን ይነቅላል፣ የካምፐሯ ባትሪ የራሷን ፍሬን ይይዛል፣ ትቆማለች። ሽቦውን ከመኪናው ብረት ጋር እሰሩ እንጂ ከሰንሰለቱ ወይም ከኳሱ ክንድ ጋር አይደለም፤ ክንዱ ከወጣ ሽቦው አብሮ ሄዶ ምንም ሳይነቅል ይቀራል። ባትሪው ከሞተም ሽቦው ጌጥ ነው።

ፍሬን ላይ ጥቂት ልቆይ። ቨርጂኒያን ጨምሮ በብዙ ስቴቶች ተሳቢ የራሱ ፍሬን እንዲኖረው ሕጉ የሚያስገድደው ከ3,000 ፓውንድ ጀምሮ ነው። ካሊፎርኒያ ለካምፐር ከ1,500 ይጀምራል። አውሮፓ ያላችሁ አድማጮቻችን ደግሞ ከ750 ኪሎ በላይ የሆነ ተሳቢ ያለ ፍሬን አይፈቀድላችሁም። የእኔ እምነት ከአውሮፓው ይቀርባል፤ 2,600 ፓውንድ ይዤ የወጣሁ ጊዜ ካምፐሯ ፍሬን አልነበራትም፣ በቨርጂኒያ ሕግም ጥፋተኛ አልነበርሁም። ቁልቁለት ላይ ግን 2,600 ፓውንዱን የሚያቆመው ለሰዎቹ የተሠራው የሲየናው ፍሬን ብቻ ነበር። መኪና ብዙ ነገር መጎተት ይችላል፤ ማቆም ነው የሚያቅተው።

የካምፐር ፍሬን ብዙውን ጊዜ የኤሌክትሪክ ነው። ከበሮው ውስጥ ማግኔት አለ፤ ኃይል ሲያገኝ ሸራውን ይገፋል። ያን ኃይል የሚልክ መቆጣጠሪያ ሹፌሩ አጠገብ ይተከላል። ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ፍሬን ከረገጣችሁ ጀምሮ ሰዓት እየቆጠረ ኃይል ይጨምራል፤ ርካሽ ነው። ሌላው መኪናው ምን ያህል እየቀነሰ እንደሆነ ራሱ ተሰምቶት በዚያው ልክ ካምፐሯን ይይዛል፤ ቀስ ስትሉ ቀስ፣ ስትደነግጡ አጥብቆ። ሁለተኛውን ግዙ። ለዚህ መኪናው ኋላ ባለ ሰባት ፒን ሶኬት ያስፈልጋል፤ ባለ አራት ፒኑ መብራት ብቻ ነው የሚያሳልፈው። ዛሬ ሽቦ ሳያስቆርጥ በሰባት ፒኑ ላይ የሚሰካና በስልክ የሚስተካከል መቆጣጠሪያም አለ።

መቆጣጠሪያው ላይ በጣት የሚገፋ አንዲት ቁልፍ አለች፤ የካምፐሯን ፍሬን ብቻ ትይዛለች። ባዶ የመኪና ማቆሚያ ሜዳ ፈልጉ፣ በ25 ማይል ሂዱ፣ በጣታችሁ ግፏት። የካምፐሯ ጎማ ከተቆለፈ ኃይሉን ጥቂት ቀንሱ፤ ምንም ካልተሰማችሁ ጨምሩ። ለአደጋው ቀንም አስታውሷት። ካምፐሯ መወዛወዝ ከጀመረች የመኪናውን ፍሬን አትርገጡ፣ ነዳጅ አትጨምሩ፣ መሪውን ከውዝዋዜው ጋር አታዙሩ። መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፣ እግራችሁን ከነዳጁ አንሡ፣ በጣታችሁ ያችን ቁልፍ ግፉ። ካምፐሯን ፍሬኗ ከኋላ ሲይዛት ትዘረጋለች፣ ትቀናለች። ያን ቀን 81 ላይ ፍሬኑም ኖሮ ይህን ባውቅ ልጆቼ ያን ያህል አይጮኹም ነበር።

ውዝዋዜ የሚከላከል ብረትና ክብደትን ወደ መኪናው የፊት ጎማ የሚያካፍል ስፕሪንግ ያለው ሂችም ይሸጣል። ጥሩ ናቸው። ነገር ግን አንዳንድ የመኪና አምራቾች ክብደት አካፋዩን አይፈቅዱም፤ መጽሐፉን እዩ። ደግሞም ኋላዋ ላይ የተጫነችን ካምፐር በብረት ለማከም አትሞክሩ። መጀመሪያ ጭነቱን አስተካክሉ።

ጎማ። በፈረንጆቹ ሐምሌ 2018 ላይ በሰሜን ካሊፎርኒያ፣ ሬዲንግ አጠገብ፣ የአንድ ተሳቢ ጎማ ተነፈሰ። ቸርኬው አስፋልቱን ፋቀ፣ ብልጭታው ደረቅ ሣር ላይ ወደቀ። ካር ፋየር የተባለው ሰደድ እሳት የተነሣው እንዲህ ነበር፤ ከ229,000 ኤከር በላይ መሬት በላ፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ጨምሮ የሰው ሕይወት አጠፋ። ከአንዲት ጎማ። እኔ ያን ካነበብሁ ወዲህ የካምፐሬን ጎማ ሳልነካ ከቤቴ አልወጣም።

የተሳቢ ጎማ ከመኪና ጎማ ይለያል፤ ጎኑ ላይ ኤስ-ቲ የሚል ፊደል አለበት። ሌላ ፍጥነት ካልተጻፈበት ለ65 ማይል ብቻ የተሠራ ነው። ካሊፎርኒያ ደግሞ የሚጎትትን ሁሉ በ55 ትገድባለች። ጎኑ ላይ ዶት ብሎ በሚጀምረው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አኃዝ አለ፤ ሁለቱ ሳምንቱን፣ ሁለቱ ዓመቱን ይነግራሉ። 2319 ካለ በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ካምፐር ብዙውን ጊዜ ቆማ ስለምትኖር ጎማዋ ጥርሱ ሳያልቅ በዕድሜ ያረጃል፤ ከአምስት ስድስት ዓመት በኋላ አዲስ መስሎ ቢታያችሁም ቀይሩት። አየሩን ጠዋት፣ ሳይግል ለኩ። ለካምፐሯ የራሷ ትርፍ ጎማና የሚያነሣት ክሪክ ይኑራችሁ፤ የመኪናችሁ አይገጥምም። ኩሽኔታዋንም በዓመት አንዴ ግራሶ አስቀቡ። በመንገድ ላይ ነዳጅ ልትቀዱ ስትቆሙ የጎማዋን እምብርት በእጃችሁ ጀርባ ጠጋ ብላችሁ ፈትሹ፤ አንዱ ከሌላው በጣም ከጋለ ኩሽኔታው እየለቀቀ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ ከዲሲ አካባቢ ለሚወጣ ሰው የመጀመሪያ ጉዞ እንዲሆን የምመክረው ሸናንዶዋ ነው። ስካይላይን ድራይቭ 105 ማይል ነው፣ ፍጥነቱ በ35 ማይል የተገደበ ነው፣ ማንም አያጣድፋችሁም። ሜሪስ ሮክ የሚባለው ዋሻ ቁመቱ 12 ጫማ ከ8 ኢንች ነው፤ ትንሽ ካምፐር በሰፊው ታልፋለች። ቁልቁለቱን ግን የዓባይን በረሃ እንደምትወርዱ ውረዱት፤ በከባድ ማርሽ፣ ሞተሩ እንዲይዛችሁ። ፍሬን ላይ ተንጠልጥሎ መውረድ ፍሬኑን ያግላል፣ የጋለ ፍሬን ደግሞ በሚፈለግበት ሰዓት አይገኝም። ደርሳችሁ ካምፐሯን ከመፍታታችሁ በፊት ጎማዎቿ ሥር ከፊትም ከኋላም ታኮ አድርጉ፤ መጀመሪያ ታኮ፣ ከዚያ መፍታት።

በቤታችን አሁን የራሳችን ካምፐር አለች፣ ፍሬን ያላት። ጉዞ በምንወጣበት ጠዋት ሥራው የተከፋፈለ ነው። ትልቁ ልጄ በክሪኩ አፏን ያነሣል፤ የመኪናው ኋላ አብሮ መነሣቱን እኔ አያለሁ። ባለቤቴ ሰንሰለቱንና ሽቦውን በእጇ እየነካች ታልፋለች። ትንሿ ልጄ ከካምፐሯ ኋላ፣ ራቅ ብላ፣ ሣሩ ላይ ትቆማለች። እኔ መሪው ላይ ተቀምጬ በመስኮት እጮኻለሁ።

“የግራ ፍሬቻ!”

“በርቷል!”

“የቀኝ!”

“በርቷል!”

“ፍሬን!”

አንድ ቀን ዝም አለች። ወርጄ ሳይ የቀኙ የፍሬን መብራት አምፖሉ ተቃጥሎ ነበር። ቀይረን፣ እንደገና ጠይቄ፣ “በርቷል” እስክትለኝ ድረስ ከደጃፋችን አልተንቀሳቀስንም።